ባለቤቴ ደብቆኝ ተበድሯል፣ ዕዳው ቤታችንን እያፈረሰው ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ትምህርትዎን ሁሌም እከታተላለሁ፣ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። የሱ ሥራ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፣ የኔ ደሞዝ ትንሽ ናት፣ ግን እንደምንም እየኖርን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከሦስት ሳምንት በፊት ትልቋ ልጄ በአባቷ ስልክ ጌም ስትጫወት ቴክስት ገባ፣ አምጥታ አሳየችኝ፣ የብድር መክፈያው ጊዜ አልፏል ይላል። ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ ግን ከአራት ሰውና ከአንድ ባንክ እንደተበደረ ነገረኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ወይ እንጮሃለን ወይ እንዘጋጋለን። እሱ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቁሟል፣ እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ዕዳው የኃጢአታችሁ ውጤት ነው፣ ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ ለእግዚአብሔር ስጪና ዕዳው ይሰረዛል አለችኝ። እውነት ይሄ ቅጣት ነው? ዕዳ እያለብን አሥራት እናውጣ ወይስ እናቁም? ባለቤቴንስ እንዴት ልመልሰው? ልጄም "እማዬ ድሃ ሆንን እንዴ?" እያለች ትጠይቀኛለች፣ ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፣ ዛሬ ጠዋትም ደግሜ አነበብኩት፣ ምክንያቱም "ጸልዩ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ተብሎ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መጸለይማ አለባችሁ፣ እሱን እኔ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። ግን እናንተ ቤት አሁን ከጸሎቱ ጋር ደብተርና እስክሪብቶም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሁለቱን አብሬ ነው የምነግርሽ።

ቅጣት ነው ወይ ላልሽው፣ መጽሐፈ ጦቢትን አንብበሽው ከሆነ ምዕራፍ 2ን ዛሬ ደግመሽ አንብቢው፣ ካላነበብሽው ደግሞ ልንገርሽ። ጦቢት ማለት ለተራበ የሚያበላ፣ ለታረዘ የሚያለብስ፣ ተገድሎ የተጣለ ሬሳ ሲያገኝ በነፍሱ ቆርጦ የሚቀብር ሰው ነው። ከዚህ በላይ ጻድቅ የት ይገኛል? ይሄ ሰው አንድ ቀን ሬሳ ቀብሮ መጥቶ ግቢው ውስጥ እንደተኛ የወፍ ኩስ ዓይኑ ውስጥ ወድቆ ታወረ። ሥራው ቀረ፣ ገቢው ቀረ። ሚስቱ ሐና ለሰው እየሠራች ደሞዝ ማምጣት ጀመረች። እና አንድ ቀን አሠሪዎቿ ደሞዟን ከፍለው በላዩ ላይ የፍየል ግልገል ጨምረው ሰጧት፣ ይዛው ቤት ስትገባ ግልገሉ ጮኸ። ጦቢት አያይም እኮ፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማው። "ይሄ ከየት መጣ? ተሰርቆ እንዳይሆን፣ ለባለቤቱ መልሺ" አላት። ከደሞዜ በላይ የሰጡኝ ነው ብትለው አላመናትም። እሷም ያን ጊዜ በንዴት "ምጽዋትህ የታለ? ጽድቅህስ የታለ?" አለችው።

እስኪ አስቢው፣ ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው፣ ግን አንድ ግልገል ቤት ስለገባ እንዲህ ተጎዳዱ። ጠቡ የፍየል አይደለም። እሱ ቤቱን የሚያስተዳድር ወንድ ሆኖ ኖሮ አሁን የሚስቱን እጅ ማየቱ፣ እሱንም ደግሞ በዓይኑ ማየት አለመቻሉ አቁስሎታል፣ እሷ ደግሞ ስትለፋ ውላ መጥታ "ሌባ" ተብላለች። እናንተም ቤት የሚጮኸው ገንዘቡ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ስለ ኪራይ ስትነጋገሩ እሱ የሚሰማው "አንተ ከንቱ ነህ" የሚል ነው፣ አንቺ ደግሞ በልብሽ የምትይው "ለምን አላመንከኝም" ነው። ይሄ ሳይነገር ሂሳቡ ብቻ ቢሠራ ሂሳቡም አይሠራም።

ስለዚህ ጦቢት በኃጢአቱ ነው የደኸየው የሚል ሰው መጽሐፉን አላነበበውም ማለት ነው። የኢዮብ ጓደኞችም ልክ እንደ ጓደኛሽ ነው ያሉት፣ አንድ የሠራኸው ነገር አለ፣ ዝም ብሎ አይመጣም አሉት፣ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በኢዮብ ሳይሆን በነሱ ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውንም ሰው ደቀ መዛሙርቱ "እሱ ነው ኃጢአት የሠራው ወይስ ወላጆቹ?" ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው የመለሰላቸው (ዮሐንስ 9፥3)። ባለቤትሽ "ፊቱን አዙሮብኛል" ሲል ሌላም ነገር አስታውሺው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ስትሄድ ያቀረበችው ምን ነበር? ዋኖስ ወይም የርግብ ግልገሎች ነው ይላል ሉቃስ 2፥24። ሕጉን ደግሞ ዘሌዋውያን 12፥6-8 ላይ ብታዪው የአንድ ዓመት ጠቦት በግ ነበር የሚጠበቀው፣ ወፎቹ በግ መግዛት አቅሟ ለማይችል ሴት የተፈቀዱ ናቸው። ጌታ በዓለም ሁሉ ካሉ ቤቶች መርጦ የገባበት ቤት በግ መግዛት ያልቻለ ቤት ነበር። እና እግዚአብሔር ገንዘብ ካነሰው ቤት ፊቱን የሚያዞር ቢሆን ኖሮ የት ይወለድ ነበር?

አንድ ነገር ግን ሳልሸፍን ልናገር። ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በሕመም የመጣ አለ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ የመጣ አለ፣ ቤቲንግና ቁማር ውስጥ ተገብቶ የመጣም አለ፣ ከአቅም በላይ ለመታየት የመጣም አለ። ባለቤትሽን "ከየት መጣ?" ብለሽ ረጋ ብለሽ ጠይቂው። ቤቲንግ ከሆነ ብሩን ከፍላችሁ ብቻ አታመልጡም፣ ነገ ተመልሶ ይመጣልና፣ ያኔ ንስሐም ያስፈልጋል፣ በሱስ ላይ የሚሠራ ባለሙያም ያስፈልጋል፣ ስልኩ ላይ ያለው አፕ መጥፋትም አለበት። እንደዛም ሆኖ የራሱ ጥፋት ያመጣበት ውጤት ነው እንላለን እንጂ እግዚአብሔር ጥሎታል አንልም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እኔ እንደሚመስለኝ ቤታችሁን እያፈረሰው ያለው ከዕዳው ይልቅ መደበቁ ነው። ይሄን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት ከባለቤቴ ደብቄ ተበድሬ አውቃለሁ። አበዳሪው ሲደውል እንዳይታይብኝ ቤት ስገባ ስልኬን ሁሌ ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ነበር የማስቀምጠው፣ ስክሪኑ ወደ ታች። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ልጄ ግን ያኔ ገና አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ማታ "አባዬ ስልክህ ለምንድነው ሁሌ የሚተኛው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔን ሰበርኩ፣ በዛች ማታ ነው ሁሉን የነገርኳት፣ እስኪነጋ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ተነስታ ከልጁ የድሮ ደብተር ውስጥ ባዶ ገጽ ፈልጋ "በል ንገረኝ፣ ለማን ስንት ነው" አለችኝ። ጽፈን ስንጨርስ ቁጥሩ እኔ ከማስበው አላነሰም፣ ያው ነው፣ ግን በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደኝ የዛን ቀን ነው።

ከዛ በኋላ ነው የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በመዝሙር 14 ላይ ተመሥርቶ በአራጣ ላይ ያስተማረውን ያገኘሁት። ይሄ አባት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ነው፣ ግን ባለ ዕዳውን ሲገልጽ በሩ ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል፣ ሰው ድንገት ሲገባ ልቡ ይመታል፣ ውሻ ሲጮህ ላብ ያጠምቀዋል የሚል ሐሳብ አለው። ሳነበው ስልኬን ነው ያስታወሰኝ። ያን ጊዜ በር ነበር የሚንኳኳው፣ ዛሬ ቫይብሬት ያደርጋል፣ ፍርሃቱ ግን ያው ነው። አዳምም እግዚአብሔር ሲጠራው ያለው "ፈራሁ፣ ተሸሸግሁ" ነው። የፈራ ሰው ይሸሸጋል። ባለቤትሽ የዋሸሽ ስላልወደደሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው በሚወዱት ሰው ዓይን ማነስን ፈርቶ ነው። ውሸቱ ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ በድሎሻል፣ አንቺም ልትቆጪ ይገባሻል፣ የተበደልሽውን "ምንም አይደለም" ብለሽ አትዋጪው። ንገሪው፣ "ከብሩ በላይ ያመመኝ መደበቅህ ነው" በይው፣ አንዴ፣ በግልጽ። ከዛ በኋላ ግን በየቀኑ እያነሳሽ አትውጊው፣ ምክንያቱም በተናገረ ቁጥር የሚወጋ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፣ እሱ ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን በሽታውን አውጥቷልና አሁን መድኃኒቱን አብራችሁ ፈልጉ።

እንዴት ለሚለው ደግሞ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን ሴት ላሳይሽ። ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፣ ዕዳ ትቶ ሞተ፣ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ጮኸች። እሱ ምን አላት? ምን ላድርግልሽ፣ በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ አላት። ወዲያው ተአምር አላደረገም፣ መጀመሪያ ያስቆጠራት ያላትን ነው! እሷም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም የለኝም አለች። ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ አታሳንሺ፣ ከልጆችሽ ጋር ገብተሽ በሩን ዝጊ አላት። ልጆቹ ማድጋ እያቀረቡ እሷ ትቀዳለች። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱ ቆመ። ተመልሳ ስትነግረው ደግሞ ሂጂና ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ አንቺና ልጆችሽም በተረፈው ኑሩ አላት። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በያት። ተአምር ከተደረገ በኋላም መሸጥ አለ፣ ዕዳ መክፈል አለ፣ በተረፈው መኖር አለ። ዕዳው "ተሰረዘ" አልተባለችም።

እናንተም እንደዚህ አድርጉ። በሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ግን ደክማችሁ እኩለ ሌሊት ሳይሆን። አባታችን ሆይ ብላችሁ ጀምሩ። እግረ መንገዴን፣ በማቴዎስ ወንጌል "በደላችንን ይቅር በለን" የሚለው ቦታ ግሪኩ ቃል በቃል "ዕዳችንን" ነው የሚለው፣ እና ባለ ዕዳ ሆናችሁ ስትጸልዩት እንደ አዲስ ይሰማችኋል ብዬ አስባለሁ። ከዛ ያለውን ሁሉ ጻፉ፣ ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ወለዱ በወር ስንት ነው። በሌላኛው ገጽ ቤት ውስጥ ያለውን ጻፉ፣ ገቢውን፣ መሸጥ የሚቻለውን፣ የምትችሉትን ሥራ፣ ያቺ መበለትም "ማሰሮ ዘይት ብቻ" ብላ ንቃው ነበር እኮ። ጩኸት ከተጀመረ ደብተሩን ዝጉና ሌላ ቀን ቀጥሉ፣ ነገር ግን ቁጣችሁ ላይ ፀሐይ እንዳይገባ የሚለውን የኤፌሶን መልእክት አትርሱ፣ ሂሳቡ ለሳምንት ይደር እንጂ ኩርፊያው አይደር።

ሲከፈል ምን ይቅደም? የቤት ኪራይ፣ መብል፣ መድኃኒት፣ የልጆቹ ትምህርት ይቅደም፣ ምክንያቱም ለራሱ ቤተ ሰዎች የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላል 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8። ከዛ ቀጥሎ ግን ባለቤትሽ ሰው አሠርቶ ያልከፈለው ደሞዝ ካለ ከባንኩም በፊት እሱ ይቅደም። ዘዳግም 24 ላይ የድሃውን ሠራተኛ ደሞዝ ፀሐይ ሳይገባ በቀኑ ስጠው፣ ነፍሱ በሱ ላይ ነው፣ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብህ ይላል። ከሰዎቹም የባሰበትን አስቀድሙ፣ አንዱ አበዳሪ ሀብታም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ደግሞ ለልጁ መታከሚያ ያስቀመጣትን ነው ያበደራችሁ ሊሆን ይችላል።

አበዳሪዎቹ እስኪመጡ አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ሂዱ። ምሳሌ 6 ላይ በሰው ቃል ተጠምደህ ከተያዝክ ሂድ፣ ራስህን አዋርድ፣ ለምን፣ ለዓይንህም እንቅልፍ አትስጥ የሚል ምክር አለ፣ ያ ለዋስ የተነገረ ቢሆንም ለተበዳሪውም ይሠራል። ባለቤትሽ ሄዶ "አልካድኩም፣ አሁን ይሄን ያህል ነው ያለኝ፣ በየወሩ ይቺን እከፍላለሁ" ይበላቸው። ትንሽ ትሁን፣ ግን በቀኗ ትድረስ። ከስልኩ የጠፋ ተበዳሪና በር ድረስ የመጣ ተበዳሪ በአበዳሪ ልብ አንድ አይደሉም። ባንኩም ቢሆን ቀድሞ ሄዶ ችግሩን ላስረዳ ሰው የመክፈያ ጊዜውን ሊያራዝምለት ይችላል፣ ሕጋዊ ክስ ላይ ከተደረሰ በኋላ ግን በሩ ይጠባል። አንዱን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ከመበደራችሁ በፊት ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ወለዱን አስሉ፣ አንዳችሁም ብቻችሁን አትፈርሙ። አካውንቱንም ሁለታችሁ እዩት፣ ይሄ አለመተማመን አይደለም፣ እሱንም ከመደበቅ ፈተና ያሳርፈዋል።

አበዳሪ የሆነ ሰው ይሄን ካነበበ ደግሞ ለሱም ቃል አለኝ። ያው ዘዳግም 24 ያበደርከውን ሰው መያዣ ልትወስድ ቤቱ አትግባ፣ ውጭ ቁም ይላል፣ ድሃ ከሆነም ልብሱን ለብሶ እንዲተኛ ፀሐይ ስትገባ መልስለት ይላል፣ ሰው መተዳደሪያው ስለሆነ የወፍጮ ድንጋይ መያዣ መውሰድንም ይከለክላል። በነህምያ ዘመን እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል የተበደሩ ሰዎች ሲጮኹ ነህምያ እጅግ ተቆጥቶ አበዳሪዎቹን ሰብስቦ እርሻውንም ወለዱንም አስመልሷቸዋል (ነህምያ 5)። ገንዘብህን የመጠየቅ መብት አለህ፣ የሰውየውን ክብር በልጆቹ ፊት የመግፈፍ መብት ግን የለህም።

አሥራቱን በተመለከተ። አሥራት ካገኘነው ላይ የሚወጣ ነው፣ ገቢ ሲያንስ አሥራቱም ያንሳል፣ ስለዚህ ተበድሮ አሥራት ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ፈጽሞ አቁሙም አልልሽም፣ ምክንያቱም ከትንሽ ላይ በፈቃድ የሚሰጥ ሰው ልቡ እንዳይጨልም ይረዳዋል፣ ጦቢትም ለልጁ ጥቂት ቢኖርህ ከጥቂቷ መስጠት አትፍራ ብሎታል። ግን ልጆቹ ጦማቸውን እያደሩ፣ ወይም የሰው ሐቅ እያለባችሁ እንዴት ይሁን የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ሁለታችሁም ሆናችሁ ተመካከሩ፣ እሳቸው የቤታችሁን ሁኔታ አይተው ይወስኑላችኋል። ጳውሎስ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን አይደለም ይላል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12)። ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር፣ በዘዳግም 14 መሠረት በየሦስት ዓመቱ የሚወጣው አሥራት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሃ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ከሚረዱት ወገን ብትሆኑ ለሰበካችሁ መናገር ነውር አይደለም። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት መበለቶች ከዕለት ዕለቱ ምግብ እየተዘለሉ ነው የሚል ማጉረምረም ስለተነሳ ነው፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፣ ዛሬ የጀመረ አይደለም።

ጓደኛሽ "ያለሽን ሁሉ ስጪና ዕዳው ይሰረዛል" ላለችሽ ግን በጣም ተጠንቀቂ እህቴ። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ነው፣ ማርቆስ 12። እሷ ግን እጥፍ እንዲመለስላት ቆጥራ አልሰጠችም። ደግሞ ከሷ ታሪክ በላይ ያለችውን ቁጥር አንብቢ፣ ጌታ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን፣ ጸሎትም የሚያስረዝሙትን የባሰ ፍርድ ይቀበላሉ ያለው እዛው ነው። የልጆችሽን ኪራይ አምጪና በረከት ልሽጥልሽ የሚል ሰው ካለ ሽሺው። ስእለትም ቢሆን በጭንቀት ተጣድፈሽ አትሳዪ፣ ዘዳግም 23 የተሳልከውን አታዘግይ ካለ በኋላ ባትሳል ግን ኃጢአት የለብህም ይላል። በተሳልሽው ነገር ሌላ ዕዳ ራስሽ ላይ አትጨምሪ።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። ጦቢት ከዛ ጠብ በኋላ ምን አደረገ መሰለሽ፣ አልቅሶ ሞትን ለመነ። ኤልያስም በ1ኛ ነገሥት 19 ዛፍ ሥር ተቀምጦ "በቃኝ" ብሏል። ስለዚህ ባለቤትሽ በቃላት ባይናገረውም እንደዚህ ያለ ሐሳብ ይኖርበት እንደሆነ በቀጥታ ጠይቂው፣ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ፣ ለንስሐ አባታችሁም ደውዪ፣ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። እግዚአብሔር ለኤልያስ የላከለት መልአክ መጀመሪያ ተግሣጽ አልጀመረም፣ ዳስሶ ቀሰቀሰውና ተነስና ብላ አለው፣ በልቶ ተመልሶ ተኛ፣ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና አለው። ንግግሩ በኋላ ነው የመጣው። አንቺም በር ላይ በጥቅስ አትቀበዪው። ይብላ፣ ይተኛ። ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ካፈረ ንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸው፣ ልጆቹም ባሉበት ጸበል ይርጩ፣ ይባርኩ፣ ከሱ ጋር ለብቻው ይቀመጡ። እሑድ ቅዳሴ ስትሄጂ "ና" በይው፣ እምቢ ካለ አትጨቃጨቂ፣ የሚቀጥለውም እሑድ እንደዛው "ና" በይው።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽኝን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ነው። ቴክስቱን አምጥታ ያሳየችሽ እሷ ናት አይደል? ከዛን ቀን ጀምሮ ነው እናትና አባቷ መጮህ የጀመሩት። ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ታውቂያለሽ፣ እኔ ነኝ ያጣላኋቸው ብላ እያሰበች ሊሆን ይችላል፣ "ድሃ ሆንን እንዴ?" ከሚለው ጥያቄ ሥር ያለውም ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ ሁለታችሁም አብራችሁ ቁጭ በሉና ንገሯት፣ የሚሻለው ደግሞ አባቷ ራሱ ቢነግራት ነው። ቁጥር አያስፈልጋትም፣ የአበዳሪዎቹ ስምም አያስፈልጋትም። "ገንዘብ ተበድረን ነበር፣ አሁን እየከፈልን ነው፣ ለጊዜው አንዳንድ ነገር አንገዛም፣ እኔና እማዬ አብረን እየሠራንበት ነው፣ አንቺ ያንን መልእክት ማሳየትሽ ጥፋት አይደለም፣ ጥሩ ነው ያደረግሽው" ይበላት። ጦቢትም ታውሮ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ልጁን ጦብያን ጠርቶ ሜዶን አገር ገባኤል የሚባል ሰው ጋ ስላስቀመጠው 10 መክሊት ብር በግልጽ ነገረው፣ ከዛም "ልጄ ሆይ ድሆች ስለሆንን አትፍራ" አለው። ድሆች አይደለንም ብሎ አልዋሸውም። ባለቤትሽ ይሄን ለልጁ መናገር ከከበደው ምዕራፍ 4ን አብራችሁ አንብቡት፣ የመጨረሻዋን ቁጥር እሱ ያንብባት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።